ሰባት ክንድ ተኩል

ኅዳር ሊወጣ ሲል፣ ከሌሊቱ አሥር፣
ታንኳችን ታስራለች ከሸንበቆው ሥር።
ጠርዟ ላይ ውርጩ ጨው መስሎ ተጋግሯል፣
ገመዷም ደርቆ እንደ ቋንጣ ከርሯል።
ጋሽ አረቡ ሙሄ፣ እጁን ብብቱ ከትቶ፣
«ግፋ» ይለኛል፣ ሌላውን ቃል ትቶ።

ሐይቁ ይተነፍሳል።
ከገላው ላይ ጉሙ ሳይቸኩል ይነሳል፣
የእኛም ከአፋችን ወጥቶ እዚያው ይለወሳል።

አለቱ አይታይም፤ ውሃ ውስጥ ነው ቤቱ።
መንገድ ግን ነበረው፣ የብስ ላይ ምልክቱ፦
የዋርካው ራስ ሄዶ የመስጊዱን ጣራ
ሲሸፍን በልኩ፣ በስተቀኝ፤ በግራ
የገዳሙ ጽዶች ከአምባሰል ትከሻ
ሲያርፉ፣ ያኔ ነበር የመቅዘፍ መጨረሻ።

ዓምና ዋርካው ወደቀ፤
ለመንገድ ነው አሉ፣ በመጋዝ ደቀቀ።
የከተማው ሰው ያዘነው ለጥላው፤
ጋሽ አረቡ ብቻ፣ ከሐይቁ ዳር ቆሞ፣
«ድንጋዬን ቆረጡት» አለ ደጋግሞ።
ሳቁበት።

የእሱንም ዓይን ሞራ ጋርዶታል በቅርቡ፤
ዋርካው ቢኖር እንኳ አያየውም አረቡ።
ይህን አልነግረውም።

እኔ እቀዝፋለሁ፤ እሱ ክር ይለቃል።
ከኢሱዙ ባትሪ የቀለጠ እርሳስ
ክሩን ይዞት ይወርዳል ከታች እስኪደርስ።
ደለል ድምፅ የለውም፤ እንደ ሊጥ ይውጣል።
አሥራ አንድ ክንድ፣ አሥራ ሁለት ይቆጥራል፣
«ጭቃ» ይላል፣ ክሩን ይሰበስባል።
እቀዝፋለሁ።
«ጭቃ።»
እቀዝፋለሁ።
«ጭቃ።»
ጣቶቼ የእኔ አይደሉም፤
መቅዘፊያው ላይ ተረስተው ቀርተዋል።

ምሥራቁ ገና አመድ ነው፤ ድንገት ክሩ አጠረ።
ሰባት ክንድ ተኩል ላይ አንድ ነገር ተናገረ፦
ጠቅ።
በጆሮ አልመጣም፣ በጣት በኩል እንጂ፤
ጎረቤት በማታ ምስማር እንደሚመታ፣
ከወዲያኛው ግድግዳ፣ በአንድ መዶሻ፣ በዝግታ።
«ና ንካው» አለኝና ክሩን አስያዘኝ፤
ከሰባት ክንድ በታች ድንጋዩ ጨበጠኝ።

«ቆሮሶ ከጀርባው አረንጓዴ ይግጣል፣
ፀሐይ ሲሸተው ነው ወደ ላይ የሚወጣ።
አምባዛ ግን ከእግሩ፣ ከስንጥቁ ሆኖ፣
ሌሊቱን ያድናል በጢሙ ተማምኖ።
ለዚህኛው ሊጥ ነው፣ ለዚያኛው የትል ጉርሻ፤
መንጠቆህ ድንጋዩን ከነከሰ ግን የለም መመለሻ።»

የመጀመሪያው መንጠቆዬ እዚያው ተሰክቶ ቀረ።
«ኪራይ ነው» አለኝ ጋሽ አረቡ፣ ሌላ እያሰረ።

ጎህ ቀደደ።
«እንግዲህ ዓይንህን አውሰኝ፤
በዋርካው በኩል ምን አለ? ንገረኝ።»
አየሁ። ዋርካው በነበረበት ሰማዩ ክፍት ነው፤
ከኋላ፣ ኮረብታው ላይ፣ የቴሌ ማማ ቆሟል፣
ቀይ መብራቱ ገና አልጠፋም፣
ልክ ከመስጊዱ ጨረቃ በላይ ቁጭ ብሏል።
ነገርኩት።
ምራቁን ወደ ውሃው ተፋ።
«ማማ» አለ፣ ቃሉን እንደ ዓሣ አጥንት ከምላሱ እየለቀመ።
«ጥላ የሌለው ዛፍ።»
ቆይቶ ደግሞ፦ «ሌሊትም ይታያል?»
«ይታያል።»
«እኔ አላየውም።»
«እኔ አየዋለሁ።»
ከዚያ በኋላ ብዙ አላወራንም።

አራት ቆሮሶ ያዝን። አምባዛው አንዴ ጎትቶ
ትሉን በላና ሄደ፣ መንጠቆውን ትቶ።
አምስተኛዋ ቆሮሶ ከመዳፉ አነሰች፤
«ሂጂ፣ ድንጋዩን ጠብቂ» አላት፣
ጭራዋን አንዴ አጥፋ ጠለቀች።

እኔ ክሩ ላይ፣ ሰባት ክንድ ተኩል ላይ፣
ጣቴ እየተንቀጠቀጠ አንድ ቋጠሮ አሰርኩ።
እርጥብ ነው ገና፣ ይላላል፤
ሲደርቅ ይጠብቃል።