ስድሳኛው ቤት

ሸዋ በር ላይ ነበር፣ ከወፍጮው አጠገብ፣
ታፔላ ጸሐፊው ይማም የሚኖረው፤
የደሴን ሥጋ ቤት፣ የደሴን ፋርማሲ
በቀይ፣ በሰማያዊ ስም ያለበሰው።

ሐሙስ ሐሙስ ማታ በእርሱ ቴሌቪዥን
«ሦስት ቁልፍ» የሚባል ድራማ እናያለን፤
የጦሳ ብርድ ገፍቶን፣ ጫማ በር ላይ ጥለን፣
ልጆች ከጠረጴዛው ሥር ተጠቅልለን።

አንድ ሟች ነጋዴ፣ አንድ የታሸገ ሣጥን፣
ሦስት ልጆች፣ ሦስት ቁልፍ፣ አንድ ደላላ፤
ደላላው ብቅ ሲል ግማሹ ያማትባል፣
ግማሹ «አዑዙ ቢላህ» ይላል፣
ዓይኑን ከመስኮቱ የሚነቅል ግን የለም።

በአሥራ ዘጠነኛው ሐሙስ
ትልቋ ልጅ ቁልፏን ሣጥኑ ውስጥ ከትታ
ልታዞር ስትል ዜና ገባ።
በሳምንቱ ኳስ ገባ።
በሌላው ሳምንት ስለ በግ እርባታ።
ከዚያ ወዲያ ጠፋ።
ይቅርታ እንኳ የጠየቀን የለም።

ሰፈሩ ረሳው። ይማም አልረሳም።
ከወረደ ታፔላ ክንድ በክንድ ኮምፔርሳቶ ቆረጠ፣
በተረፈ ቀለም ስድሳ ቤት ከፈለ፤
ገበጣ አይሉት፣ ዳማ አይሉት፣
እያንዳንዱ ቤት ከድራማው አንድ ነገር ያዘለ።
ሰባት ላይ፦ «ኑዛዜው ጠፋ፤ ሁለት ቤት ተመለስ።»
ሃያ ላይ፦ «ጠበቃው ታመመ፤ ተራህን እለፍ።»
ሠላሳ አንድ ላይ፣ በጉልህ ቀይ ፊደል፦
«አንድ እውነት ተናገር፤ ካልሆነ እዚሁ ቁም፣ አትለፍ።»

ተጫዋቾቹ ከአሮጌ ካፖርት የተበጠሱ ቁልፎች
(«ቁልፍ ለቁልፍ» አለ፣ በራሱ ቀልድ ስቆ)፤
ዕጣው ባለ ስድስት ፊት ወይራ፣
ነጥቡ በጋለ ምስማር ተጠብሶ።
ጥቁሯ ቁልፍ ደላላው ናት። ማንም አይነካት።
የወፍጮው እንድሪስ «ሞቼ ነው!» ይላል፤
ወይዘሮ አጸደ ፊቷን ታዞራለች፤
የይማም ሚስት ዚነት ዝም ብላ ታነሣታለች።
እኛ እርስ በርስ ስንጠባበቅ
እሷ ሃምሳን ታልፋለች።

ስድሳኛውን ቤት ነጭ ቀባው። ሦስት ጊዜ።
ፊደል ግን አላሳረፈበትም።
የደረሰ ሰው ሣጥኑን ይከፍታል፣ ያየውን ያወራል፤
እንድሪስ ሲከፍተው የዕዳ ወረቀት፣
አጸደ ስትከፍተው የሕፃን ጫማ፤
ዚነት ስትከፍተው፣ «ባዶ ነው» ትላለች፣
«እንኳንም ባዶ ሆነ፤ ልጆቹ ሳይጣሉ ይደሩ።»

ንድፉን በፖስታ ላከው፣ አዲስ አበባ።
መልሱ በስምንት ወሩ መጣ፣ ማኅተም ያለበት፦
«ሐሳብዎ መልካም ነው። ነገር ግን ድራማው ፍጻሜ ስለሌለው
ጨዋታውን አትመን ለገበያ ለማቅረብ እንቸገራለን።»
ይማም ሁለቴ አነበበው፤
ገልብጦ በጀርባው የእኛን ነጥብ መዘገበበት።

አንድ የክረምት ማታ፣ መብራት ጠፍቶ፣ በፋኖስ፣
ዚነት ሠላሳ አንድ ላይ ወደቀች።
ሌላ ጊዜ ዝም ብላ ትቆም ነበር።
ያን ዕለት ግን አለች፦
«ድራማውን እኔ ወድጄው አላውቅም።
እኔ የማየው አንተን ነበር፣ ስታየው።»
ይማም ዕጣውን ከእጁ ለቀቀው፤
ተንከባሎ ከቁም ሣጥኑ ሥር ገባ።
ስንት እንዳወጣ ጎንበስ ብሎ ያየ የለም።

ዛሬ የደሴ ታፔላ ፕላስቲክ ነው፣
የሚጽፈውም ማሽን።
ሁለቱም የሉም። ሰሌዳው እኔ ጋ ነው፣
ከአምስት ቁልፍና ከዚያ ደብዳቤ ጋር።
ነጩ ቤት ወይቧል፤ ጥግ ጥጉ ተልጦ
ከሥሩ የድሮ ጽሕፈት ብቅ ብሏል፣
የወረደው ታፔላ፣ በይማም እጅ፦ «ክፍ…»
«ክፍት ነው» ይሁን፣ «ክፍያ በቅድሚያ»፣
ትንሽ ብልጠው ይለይ ነበር።

ጥፍሬን አስጠጋሁ።
ሰበሰብኩት።