ከሚዛኑ ኋላ

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል፣ ቢላ ቅርፊት ሲልጥ፣
ያው ክርክር መጣ፦ «ሌዳሞ ወይስ ቡራሶ፣ ማን ነው የሚበልጥ?»
አንዱ ሠላሳ ጎል፣ አንዱ ዘጠኝ ብቻ፤
በቁጥር ከሄድን ሌዳሞ የለው አቻ።

እኔ የምትታየኝ ከየጎሉ በፊት
የዳንጊሶ ግራ እግር ናት፣ ያቺ ሸፋፋዪት፤
ሁለት ተከላካይ ጎትታ ስትወስድ፣
በሩን ወለል አርጋ፣ «ግባ» ስትለው እንደ ቤተ ዘመድ።

ቡራሶስ?
ኳሷን ከራሱ በረኛ እጅ ተቀብሎ፣
አራት ሰው ከነጭቃው ብቻውን አታሎ፣
ሲደርስ ትንፋሽ የለው።
ዘጠኙም እንዲያ ነው።

ታንኳ ላይ ሁለት ነን፤ አንዱ መረብ ሲጥል አንዱ ይቀዝፋል፤
ዓሣው ሲመዘን ግን የጣዩ ስም ብቻ መዝገብ ላይ ይጻፋል።

ዳንጊሶ? እዚያ ነው፣ ከሚዛኑ ኋላ
ዓሣ ይበልታል።
«ማን ይበልጣል?» ስለው
ግራ ጉልበቱን እያሸ፣ «ዝናብ ሊመጣ ነው» ይላል።