ቆጣሪ አንባቢ

ወር በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ደብተሬን ይዤ፣
ባጃጅ ከሚመለስበት ወዲያ፣ ጭቃውን በእግሬ ተጉዤ፣
ዳቶ ዳር አንኳኳለሁ የቆርቆሮ በር፣
ቀለም ያልነካው፣ ቁጥር ያልተሰጠው በር።
«ውሃ ነው!» እላለሁ። ስሜን የጠየቀኝ የለም፤
ውሃ ነኝ፤ በዚህ ሰፈር ሌላ መጠሪያ የለኝም።

ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሳይከፈት፣ ይህ ሁሉ እንሰት ነበር፤
አሁን ሰርቪስ ቤት ነው፣ ጀርባ ለጀርባ ተጣብቆ የሚያድር።

መጀመሪያው ግቢ፣ ባንድ ክፍል ሰባት ልጃገረዶች፣
ከቦዲቲ፣ ከዱራሜ፣ ከይርጋለም የመጡ፤
ሦስቱ ከሌሊት ፈረቃ ሲገቡ፣ አራቱ ወጡ።
ፍራሹ አይቀዘቅዝም።
የኔ ደብተር ግን «አባወራ፣ አንድ» ነው የሚለው፤
አባወራው ዘርትሁን ናት፤ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው።

ቀጥሎ ሸምሱ፣ የወራቤው። ግማሽ ቤቱ ሱቅ ሆኗል።
ዘይቱን በሲዳሙ አፎ ይሸጣል፣
ዱቤውን በአማርኛ ይጽፋል፣
«ሚዛኑን ነካኸው» ያሉት ቀን በስልጥኛ ይቆጣል።

ከርሱ ማዶ ጎሚስታው ገመዳ፣ የኮፈሌ ልጅ፤
ሚስቱ ጥሩዬ ከቢቸና ናት።
በር የከፈተልኝ ትንሹ ልጃቸው «ኬሬ!» አለኝ፣
ካባቱ ያልወረሰውን፣ ከናቱ ያልጠባውን፣
ከጎረቤት ልጆች ጋር ጭቃ ሲያቦካ ያገኘውን።

ደብተሬ ሦስት ዓምድ አለው፦
የቀድሞ ንባብ፣ የአሁን ንባብ፣ ልዩነት።
ሰው የሚከፍለው በልዩነቱ ነው።
(ስለ ውሃ ነው የማወራው።)

መጨረሻው ጥግ፣ ቆጣሪ ያልገባበት አንድ ግቢ አለ።
አባ ዱካሞ፣ መሬታቸው በካርታ ተቆርሶ፣ ተቆርሶ፣
አሥራ አራት እግር እንሰት ብቻ የቀራቸው።
የጉድጓድ ውሃ ነው የሚጠጡት፤ የምመዘግብላቸው የለኝም፤
ግን አንድም ወር አልፌያቸው አላውቅም።

«ስንት ሆንን?» ይሉኛል።
«ሁለት መቶ ስድሳ ቆጣሪ፣ አባ።»
«ቆጣሪ መች አልኩህ? ሰው ነው እንጂ።»
ዝም እላለሁ።
«አንተስ? አንተን ማን ቆጠረህ?»

ምን ልበላቸው? አባቴ በድርቁ ጊዜ የመጣ፣
እኔ እዚሁ ሐዋሳ፣ ኮረም ሰፈር የተወለድኩ፣
ኮረምን ግን አንድ ቀን እንኳ ያላየሁ።

መልስም አልጠበቁ። በገመድ ጎትተው፣
በጣሳ ቀድተው፣
«ጠጣ» አሉኝ።
ደብተሬን በብብቴ ይዤ፣ ቆሜ፣
ጠጣሁ፤
ያልተቆጠረ ውሃ።