የኋሊት ያየች ቀለበት

ፀሐይ ከጠፋች ሦስተኛ ሳምንት ነው፤
ከጣቢያው ደጃፍ ላይ በረዶው ጉልበት ነው።
ጓንቴን በጥርሴ ስቤ አወለቅኩና
የሰሌዳውን በር ከፈትኩት እንደገና።

ቀለበቷ አለች፥ ከወለሉ በታች፥
ሦስቱን ወፍራም ገመድ ባንድ ክንድ ያቀፈች።
ሦስት ወንድማማች፥ እኩል የሚጎትቱ፥
ሲደመሩ ባዶ፥ ሲለያዩ ብርቱ።
ሰላም በሆነ ቀን ምንም አትሰማም፤
ዝምታ ነው ሥራዋ፥ ሌላ ደሞዝ የላትም።
አንዱ መሬት የነካ ዕለት ግን፥
ድምሩ ባዶነቱን የከዳ ዕለት ግን፥
ለሪሌዩ ትነግረዋለች፥
«ትርፍ አለ፤ እይ» ብላ፤
እርሱም ይጠይቃታል፥
«ከፊት ነው ከኋላ?»

ጥያቄው ይሄ ነው፥ ሙያችን በሙሉ፤
መጠን ብቻ አይበቃም፥ ብዙ ነው ቢሉ።
የእኔ ነው ጥፋቱ ወይስ የጎረቤት?
በግማሽ ሰከንድ የሚዳኙት ሙግት።

ቁጥሮቹን አየሁ፥ በስክሪኑ ላይ፥ አንድ ባንድ፦
የቮልቴጁ ደፍ፥ አሥር በመቶ።
የጅረቱ፥ አንድ አምፔር።
ማዕዘኑ ከዜሮ በታች ዘጠና፥
የዚህ አገር መስመር
ኮከቡ መሬት አይነካምና።

ሁሉም ልክ ነበር፥ ኦይቫ፥ አንተ እንደጻፍከው፤
ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በሰማያዊ ቀለም
«ተፈትኗል፥ ደኅና ነው» ያልከው።
ፊርማህም አለች፥
የስምህ መነሻ ክብ ሳትዘጋ የቀረች።

ታዲያ ምን አስጠረጠረኝ? ዛፍ ነው።
ሐሙስ ሌሊት ከሐይቁ ማዶ አንድ በርች
በረዶ ከብዶት ከሽቦው ላይ ተጋደመ፤
የማዶው መስመር ጠፋ፥ የሚገባው ነው፤
ያንተ መንደርስ ስለምን ጨለመ?
ያምና ደግሞ የናንተው ሽቦ ተበጥሶ
በረዶ ላይ ሲያፏጭ አደረ፥
አጋዘን ጠባቂው ስልክ እስኪደውል ድረስ
ማንም አልቆረጠው፥ ሕያው ነበረ።

ከእጅ ባትሪዬ ድንጋይ አወጣሁ፤
ቀጭን ሽቦ በቀለበቷ መሐል አሾለኩ፤
ጫፉን ከድንጋዩ ላፍታ ብቻ፥ ቸብ።
መርፌው ወደ ቀኝ መዝለል ነበረበት።
ግራ።
ደገምኩት። ግራ።
ለሦስተኛ ጊዜ። ግራ።
ግራ ገባኝ አልልም፤
ግራው ነው የገባኝ።

ሳጥኑን ፈትነሃል፥ አንድ ባንድ፥ በትጋት፤
ቀለበቷ ግን ዱሮም ተገልብጣ ናት።
ሪሌዩ አልዋሸም፥ የነገሩትን አመነ፤
ፊቱን ኋላ ቢሉት ንጹሑን ኮነነ።

ዛፉን ስትረግም፥ ኩባንያውን ስትከስ፥
ሻማ ስታበራ፥ ምድጃ ስትለኩስ፥
በሳሎንህ ጨለማ አጠገብህ የተቀመጠው
የራስህ እጅ ነበር፥ ሁለት ብሎን ያጠበቀው።

እኩለ ሌሊት አልፎ ደወልኩልህ።
ነገርኩህ። ዝም አልክ።
የግድግዳ ሰዓትህ ከወዲያ ይሰማኛል።
ቀስ ብለህ አሳልክ።
«ኤልማ፥ ነፍሷን ይማርና» አልክ፥
«መብራት በጠፋ ቀን ነው መነጽሯን
በዳበሳ ረግጣ የሰበረችው።
ወጥቼ በርቹን ቆረጥኩት፥ ታይሚ።
ሙሉ ዛፍ። በመጥረቢያ።»

ምን እንደምል አጣሁ።
«ሁለቱን ገመድ አዙሪያቸው» አልክ ቆይተህ፤
«ፊርማዬን ግን እንዳትሰርዢው፤
ከሥሩ ያንቺን ጻፊ።»

አዞርኳቸው።
ብሎኑ ሲጠብቅ ጣቴ ብረቱ ላይ ተጣብቆ
ትንሽ ቆዳ ትቶ ተላቀቀ።
ድንጋዩን አስነካሁ፥ ቸብ። መርፌው ቀኝ ዘለለ።
ቀኑን ጻፍኩ፤ ስሜን ጻፍኩ፥ ካንተ ሥር፥
«ተፈትኗል» አልኩ፤ «ደኅና ነው» የሚለው ላይ
እስክሪብቶዬ ቆመ።
እኔስ በስንት ጣቢያ፥ በስንት ሌሊት፥
ሳጥኑን አይቼ ቀለበቷን ሳላይ
ይችን ቃል ጽፌ ወደ ቤቴ ሄጃለሁ?

መኪናው ደጅ እየሞቀ ነው። መብራቱን ላጠፋ ስል
ተመለስኩ፥ ድንጋዩን ከኪሴ አወጣሁ።
ቸብ።
ቀኝ።
አሁንም አንዴ።
ቸብ።