ያልተሠራ ማሽን

ዶሃ፣ ነጅማ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
ማቀዝቀዣው ሲያንኮራፋ ከተምኪን በላይ፣
ማሽን ልሠራ ነው፤ ብረት የማይገባው፣
ፋብሪካ ያላየው፣ ማንም ያልገዛው።

ሁለት ቀን ፈጀብኝ ኮዱን ለመገንባት፤
አንዲት ፋይል ጎድላ፣ ሌላዋ ተርፋበት።
ዛሬ ግን ታረቅን። አንድ ኮር ሰጠሁት፣
ትንሽዬ ካሽ፣ ጠባብ ሜሞሪ ጨመርኩለት፣
ሊኑክስ ጫንኩና «ሰላም በል» አልኩት።

ጠበቅሁ።
ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሁለት ይላል፣
እኔ ስምንት እላለሁ፣ ልማድ መቼ ይለቃል፤
የማሽኑ ሰዓት ግን ገና መነሻው ነው፣
ከነጥቡ ወዲያ ዜሮ የሚደረድረው።

ተምኪን ነቃ። የቦቴ ሾፌር ነው፣ ሊወጣ፤
ካልሲውን እየፈለገ ወደኔ መጣ።
«የታል ማሽኑ?» አለኝ። «የለም» አልኩት፣ «ገና።»
መዳፉን ላፕቶፔ ላይ አሳርፎ፣ «እና
የሌለ ነገር ነው እንዲህ የሚያቃጥል?»
መልስ ስፈልግ ሄደ፤ ቦቴው ከታች ይጮኻል።

ጎህ ሲቀድ ስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር ወጣች፦
ሰላም።
በማሽኑ አቆጣጠር ሁለት ሴኮንድ አልሞላች፤
እኔን ግን እስኪነጋ ቁጭ አድርጋ አስጠበቀች።

ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፤ አላመንኩትም።
ካሹን እጥፍ አደረግሁ። እንቅልፍ የለም ዛሬም።