ደንገል እስኪደርቅ

ጋሽ ምንይችል አለ፣ ወደ ድልድዩ እየጠቆመ፣
«ይሄ ውሃ ለቪዛ የት ተሰልፎ ቆመ?
እኛስ ምን ያንሰናል? ዐሥራ አራት ክፍል ይዘን፣
እስከ መቼ ሐይቅ ዳር እንቀመጥ ፈዘን?»

እኔ ሒሳብ ያዥ ነኝ፤ እርሳሴን ቀረጽኩና
«ገንዘቡስ?» አልኩት። ሳቀ፣ «መች ይነጥፋል ጣና!»

«ዓባይ ማደሪያ የለው» ይሉ የለ ሲተርቱ፤
ማደሪያ ለምንሸጥ ለእኛ፣ ከየት መጣ መንከራተቱ?

ብቻ ጁባ ገባን።
በእኔ እጅ ተቆጥሮ፣ በእኔ እጅ የተጻፈ፣
ሁለት መቶ አንሶላ፣ ስድሳ ትራስ አለፈ፤
ማንኪያው በደርዘን፣ ፎጣው በሻንጣ፣
አንድም ሳይጎድል ቦሌን አልፎ ወጣ።

ገደፋውስ?
በየትኛው ዓምድ፣ በየትኛው መደብ
ይጻፋል የእሱ ሰላምታ? በየትኛው ሒሳብ?
ማን ሻይ ያለ ስኳር፣ ማን መስኮት በሐይቁ በኩል፣
ማን ከሌሊት ስልክ በኋላ ዝም መባል ይሻል፣
ሳይነግሩት ያውቃል።
ደረሰኝ የለውም።

«ይሂድ» አለ ምንይችል፣ «ሄዶ ያስተምራቸው፤
አገልግሎት ምን እንደሆነ በእጁ ያሳያቸው።»
ሄደ ገደፋው፣ በአዲስ ሱፍ፣ በአዲስ ጫማ፤
እዚህ በሩ ዝም አለ፣ እዚያም አልተሰማ።
ከቡሬ በርበሬ ይዞ የሚያድረው አንማው
«ገደፋውስ?» ብሎ ሄደ፤ ዳግም አላየነው።

አንደኛውን ዓመት በቀይ ቀለም ጻፍኩ፣
ሁለተኛውም መጣ፣ ሌላ ቀይ ጠየቅኩ።
ጁባ ይደውላል፦ ጄኔሬተር ቆመ፣
ነዳጅ ዋጋው ወጣ፣ ዘበኛው ታመመ፣
ፓውንዱ ወረደ፣ ፈቃድ ይታደሳል፣
ገደፋው ጎንበስ ሲል ሰው ዞሮ ያየዋል።
ምን ያድርግ? በሰው ቋንቋ ደግ መሆን ይከብዳል።
ደግነትም ለካ ጉምሩክ ላይ ይቀረጣል።

በሦስተኛው ዓመት አንዲት ልጅ ተቀጠረች፣
ኛንዴንግ የምትባል፣ ከቦር የተሻገረች።
ሳቋ ከእሷ ቀድሞ በር የሚያንኳኳ፣ የሚቀድም፤
ገደፋውን አየችው፣ «አይ» አለች፣ «እንዲህ አይደለም።
እዚህ ሰው ሲመጣ ሻንጣውን አትንጠቀው፤
ወንበር ስጠው በፊት፣ ከብቶቹን ጠይቀው።»
ገደፋው ጠየቀ። የበሬ መልክ በዲንካ ቋንቋ ተማረ፤
ወር ሳይሞላው ቤቱ ሞላ፣ ክፍል ተቸገረ።
እኔም ሰማያዊ እስክሪብቶ አወጣሁ ከመሳቢያ፤
ቀለሙ ደርቆ ነበር፣ ሞከርኩት በስኳር መጠቅለያ።

ምንይችል ግን ትርፉን እንደ ደወል ሰማ፤
ጅቡቲን ከፈተ፣ ሐርጌሳ፣ ሌላም ሌላም ከተማ።
ገንዘቡ አራት ዓይነት፣ አራት ዓይነት ግብር፣
አንዱ ሲያርፍ አንዱ ሥራ፤ ቀኑ እንኳ አያብር።
ስብሰባ ስለ ስብሰባ፣ ሪፖርት ስለ ሪፖርት፤
እዚህ ግን ቧንቧ ያፈሳል፣ ክፍል ቁጥር ሰባት።
የሚጠግነው ሰው «ጅቡቲ ነው» ይባላል፣
የሚፈርመውም።
ውሃው ይንጠባጠባል።

ትናንት አመሻሽ ላይ፣ ደብተሬን ታቅፌ፣
እንድሪስ ጋ ቆምኩኝ፣ በሐይቁ ዳር አልፌ።
ታንኳውን አውጥቶ ከድንጋይ አስደግፎ፣
ውሃው ይንጠፈጠፋል፤ ደንገሉ አብጦ፣ ገዝፎ።
«ነገስ ለማገዶ ዘጌ አትሻገርም?»
«ዛሬ ሄጃለሁ፣ እቴ፤ ነገ አይደገምም።
ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ጠጥቶ ካልደረቀ
ሦስተኛው ጉዞ ላይ፣ ከነሰው ጠለቀ።»
«እና ስንት ቀን?» አልኩት። ጎኑን ጫን ጫን አርጎ፣
«እንደ ጭነቱ» አለኝ፣ የነፋሱን መምጫ ፈልጎ።

ማታውን አንድ ወረቀት ጻፍኩ ለምንይችል፦
ለጊዜው አዲስ በር ይቅር፤ ክፍል ሰባት ይጠገን፤
ገደፋው ለሁለት ወር ይምጣ፤
ኛንዴንግም ትምጣ፣ በእንግድነት ሳይሆን በአስተማሪነት፤
የአንማውን ስልክ ቁጥር የሚያውቅ ካለ ይፈለግ።

አልፈረመም ገና። ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል፣
የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበት ዳሩ ክብ ሠርቶ ርሷል።
እስኪደርቅ እጠብቃለሁ።