የምላስ ዋጋ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሬዲዮው ሲያጉረመርም
ዓይኔ ቀድሞት ይነቃል፤ እኔን ፈቃድ አይጠይቅም።
«ከሰሜን ምዕራብ ነፋስ፣ ማዕበሉ ሦስት ሜትር…»
አይለርት ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ ቦቲውን ያጠልቃል፣ በተገረበበው በር።
የካልሲውን ተረከዝ ሦስቴ ጠቅሜዋለሁ፤
ለአራተኛው የሚሆን ክር ከወዲሁ አኑሬያለሁ።

የካቲት ነው። ከሁለት ወር በኋላ ፀሐይ ብትመለስ
እንደ ቸኮለ ዘመድ ናት፤ ደጅ ቆማ ሰላም ብላ፣ ቁጭ ሳትል ምልስ።

ጀልባችን አሥር ሜትር ናት።
የአማቴን ስም ተሸክማለች፣ ቶርዲስ የምትባለውን፣
ዕድሜ ልኳን ውሃ ፈርታ ወደቡን እንኳ ያልረገጠችውን።
አይለርት እንዲህ ነው፤ ስም ያወጣል፣ ምክንያት አይናገርም።
ግማሿ የባንክ ናት፣ ግማሿ የኛ፤
የምትንሳፈፈው የቷ እንደሆነች ውሉ ላይ አልተጻፈም።

የልጄ ነገር ሌላ ነው።
ሱኒቫ አሥራ አንድ ዓመቷ፤ ከትምህርት ቤት መልስ
ማራገፊያው ጋ ትቆማለች፣ ብርቱካንማ ሽርጥ ለብሳ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ።
የኮዱን ጭንቅላት አንድ በአንድ የቆመ ብረት ላይ ትሰካለች፤
ቢላዋዋን አንዴ አዙራ ምላሱን ትቆርጣለች።
እዚህ አገር የልጅ ሥራ ነው፤ አባቷም አያቷም ሠርተውታል፣
ምግብ ቤቶች በኪሎ ይወስዱታል።
ባለፈው ሳምንት ናፍጣው፣ በረዶው፣ የባንኩ ወለድ ሲቀነስ
ከአባቷ እሷ በለጠች።
የሒሳብ ደብተሩን የምይዘው እኔ ነኝ።
ሁለቴ ደምሬ፣ በእርሳስ ጻፍኩት።

ኦድሙንድ አምና ሸጠ። ጀልባው ሣር ላይ ወጥታለች፣
ሆዷ ውስጥ ሚስቱ አበባ ተክላለች።
እሱ ግን በየማለዳው ወደቡ ወርዶ ገመዳችንን ይቀበላል፣
ማንም ሳይጠራው፤
እጁ ሥራ ፈትቶ እንዳያሳጣው።

ማክሰኞ ከከተማ ሰው መጣ። ጫማው በረዶ አያውቅም።
ዓሣውን ከጉበቱ፣ ከእንቁላሉ ጋር ቀቅዬ አቀረብኩ፤ እንግዳ ጦሙን አይሸኝም።
ዓሣን መብላት በብልሃት ይሉ የለ? እሾሁን እየለቀመ
በሳህኑ ጠርዝ ደርድሮ፣ አፉን ጠርጎ፣ ዋጋ ሰየመ።
«ጀልባዋማ ትቅርላችሁ፤ ለእሑድ ሽርሽር ትሆናለች።
እኛ ኮታዋን ብቻ ነው። አንዲት ፊርማ ትበቃለች።»
ወረቀት ይበላት እንጂ ገና ያልተፈለፈለ ዓሣ ነበር የጠየቀን፣
የሚመጣውን የካቲት፣ ከእኛ ወዲያ ያለውን ቀን።

ቁጥሩን በሹካው ጫፍ ጠረጴዛው ልብስ ላይ ጻፈው።
ዕዳውን ይከፍላል። የሚያፈሰውን ጣሪያ፣
ሌሊት ሌሊት የሚቆረጥመውን የአይለርትን ትከሻ ማሳከሚያ፣
ሁሉን ችሎ ይተርፋል። አልዋሽም፤ ልቤ ሄዷል።

አይለርት መስኮቱን አየ።
ሱኒቫ ናት የጠየቀችው፦
«ኮታው ከተሸጠ ጭንቅላቶቹ የት ይወርዳሉ?»
«የትም አይወርዱም፣ የኔ ልጅ፤ መርከቡ ላይ ማሽኖች አሉ።»
«ማሽኑ ምላስ ይቆርጣል?»
ሰውየው ሳቀ።
ብቻውን ነበር የሳቀው።

ግማሹ ኮታ በስሜ ነው። ወረቀቱ አሁንም እዚህ አለ፣
ከደብተሬ ሥር፣ ጠርዙ በዓሣ ዘይት ወዝቶ።
አልፈረምኩም።
አልቀደድኩትምም።

ሞተሯ ተነሣ። ነጩ የኋላ መብራቷ በደሴቶቹ መሃል እያነሰ
ነፋስ ፊት እንደ ተጫረ ክብሪት አንዴ ጠፋ፣ አንዴ ተመለሰ።
የእጅ ሬዲዮውን አነሣሁ፦
«ቶርዲስ፣ ቶርዲስ፣ ይሰማል?»

ቁልፉን ሁለቴ ተጫነው። ቀጭ፣ ቀጭ። ቃል አልጨመረበትም።
ሃያ ዓመት ሙሉ ይኸው ነው የሱ አነጋገር።
ምላስ በኪሎ በሚሸጥበት አገር
ይህ ዝምታ ስንት ያወጣል?